ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት፦ የአንዲት እናት የሁለት ዓመት ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ሴት ልጄ ጎጃም ውስጥ ከሚገኙት፣ ጎበዝ ተማሪዎችን በፈተና መርጠው ከሚቀበሉት ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሁለት ዓመት ተምራ 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሟ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናውን ወስዷል፤ ለዚያው ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ይመዝገብ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄም ከሰኔ ጀምሮ ከቤታችን አልወጣም። ስለዚህ የምጽፈው ለሌሎች ወላጆች ብቻ አይደለም፤ ያየሁትን በቅጡ አስቀምጬ እኔም ራሴ እንድወስን ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ጥቂት መምህራን ስለሆኑ፣ ስሙን ብጠራ ጉዳዩ ከአሠራሩ ወጥቶ ወደ ሰዎቹ ይሄዳል።

እኔ ቢቸና አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዲግሪዬን ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በክረምት ትምህርት እየተመላለስኩ ነው። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ መካከል የቀለም ቀንድ የሚባሉትን ሁለት ሦስት ልጆች ለይቼ ስለ መግቢያ ፈተናው የምነግራቸው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም የማለማምዳቸው እኔ ነበርኩ። የራሴ ልጅ እስክትገባ ድረስ ግን ልጆቹ ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሚሆኑ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ወደ እኔ የሚመለሰው ወሬ «ገባ» ወይም «አልገባም» ብቻ ነበር፤ እኔም በዚያ ረክቼ ወደሚቀጥለው ዓመት ልጆች እሻገር ነበር።

ወላጅ ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚሮጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ሆነው ተቆጥረዋል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ካስፈተናቸው ልጆች ሁሉም ወይም ሁሉም ለማለት ጥቂት የቀራቸው አለፉ ሲባል፣ ወላጅ ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። እኔም አቁሜያለሁ። ልጄ ዝርዝሩ ላይ ስሟ የወጣ ዕለት እልል ካሉት ጎረቤቶች በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

የመግቢያ ፈተናውን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። በክልላዊው ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ብቻ ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ትምህርት ቤቱ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስና በአፕቲትዩድ የራሱን ፈተና ይሰጣል። የማን ልጅ ነው፣ ከየት መጣ የሚል ነገር አላየሁም። ከገጠር ቀበሌ በእግር ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ የገበሬ ልጅ ከነጋዴና ከመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ጎን ተቀምጦ ሲፈተን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ፈተናው የሚለካው ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ የቀሰመውን ትምህርት እንጂ፣ ከቤቱ ርቆ፣ ከሚበልጡት ልጆች መካከል ተቀምጦ፣ ማታ አልጋው ላይ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚሆን አይደለም። ይህን መለካት የወላጅ ሥራ ነው። እኔ አልለካሁትም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ፤ እዚህ ላይ የምሰጠው ምስጋና ከልቤ ነው። መምህራኑ ክፍል አይቀሩም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ተማሪዎቹ በጥናት ክፍል ይቀመጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ተረኛ መምህር በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይጠየቃል፤ የማያውቀው ትምህርት ከሆነ ደግሞ በማግሥቱ የሚመለከተውን መምህር ጠይቆ መልሱን ያመጣል። በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ እኛ ጋ ሒሳብና ሳይንስ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች እንኳ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቋንቋው ምክንያት ይደናገራሉ። ትምህርት ቤቱ ይህን አውቆ በመጀመሪያው መንፈቅ ቅዳሜ ጠዋትን ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ብቻ ሰጥቷል። በተራ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማግኘት ዘበት ነው።

ከመምህራኑም በላይ ግን የሚያስተምሩት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። በመጋቢት ወር የወላጆች ጉብኝት ቀን ስደርስ ልጄና ሌላ ልጅ የመኝታ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ እየጻፉ አንድ ጥያቄ ይሠሩ ነበር። ሌላኛዋ ከአዊ የመጣች፣ አባቷ ድንች የሚያመርት ልጅ ናት። ጥያቄው የኤክስና የ3 ልዩነት ፍጹም ዋጋው ከ5 ያነሰ ይሆን ዘንድ ኤክስ ከየት እስከ የት ይሆናል የሚል ነበር። ልጄ እኔ እንዳስተማርኳት ጥያቄውን ለሁለት ከፍላ፣ ምልክት እያገላበጠች ትሠራለች። ጓደኛዋ ጠመኔውን ከእጇ ተቀብላ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች፤ 3 ላይ ነጥብ አኖረች፤ ከነጥቡ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በጣቷ አምስት አምስት ቆጠረችና «ከ3 ቤት ተነሥተሽ አምስት እርምጃ ሳይሞላ የምትደርሽበት ሁሉ ነው» አለቻት። ከኔጌቲቭ 2 እስከ 8 መሆኑን ልጄ ወዲያው አየችው። እኔ ሒሳብ ካስተማርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ርቀትን በርቀትነቱ እንዲህ አድርጌ ለተማሪ አሳይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስተምረው በዚያች ልጅ መንገድ ነው። አንድ ልጅ ለልዩ ትምህርት ቤት የሚላከው ለዚህ ከሆነ፣ ላኪው አልተሳሳተም።

ይሁን እንጂ መጋቢት ከመድረሱ በፊት የካቲት ነበረ። ልጄ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም። በመጀመሪያው መንፈቅ ከ42 ተማሪዎች 31ኛ ወጣች። አማካይ ውጤቷ 81 ነበር፤ በእኔ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ አስሸልሟት ያውቃል። ለዕረፍት ስትመጣ ካርዱን አልሰጠችኝም፤ ገና አልተሰጠንም አለችኝ። ልብሷን ላጥብ ሻንጣዋን ስከፍት በባዮሎጂ ደብተሯ ሽፋንና በላስቲኩ መካከል ተጣጥፎ አገኘሁት። ቁጣ አልመጣብኝም፤ ነገር ግን ያልኩት ቃል ከቁጣ የከፋ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። አቀርቅራ ብዙ ከቆየች በኋላ «እማዬ፣ እኔ ለካ ጎበዝ አይደለሁም፤ እዚህ ሌላ ልጅ ስላልነበረ ነው» አለችኝ።

ያንን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማርናት ነገር ይኸው ነበር። ጉብዝና ማለት ከሌላው መብለጥ ነው ብለን በየሰኔው መድረክ ላይ ካጨበጨብንላት፣ የሚበልጧት ሰላሳ ልጆች ባገኘች ቀን ጉብዝናዋ ቢጠፋባት ስህተቱ የእሷ አይደለም። በአውስትራሊያ ሲሠራ የኖረው ኸርበርት ማርሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግሞ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች መካከል ጎበዞች ተለይተው በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የሚማረው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። ልጁ ያላወቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ራሱን የሚያስተያይበት ሰው ስለተለወጠ ነው።

በትምህርት ቤቱ ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታም እዚሁ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ተማሪዎች ስም ከነደረጃቸው፣ ከ1 እስከ 42፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በዚያ ሰሌዳ አጠገብ ሳያልፍ ወደ ምግብ አዳራሽ የሚሄድ ተማሪ የለም። የመጨረሻዎቹ አምስት ስሞች በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርባቸዋል። ይህ የሚደረገው ልጆቹ ተነሣሥተው እንዲያጠኑ ነው ተብሎ ተነግሮኛል። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ላሉት ምናልባት ይሠራ ይሆናል። 41ኛ የወጣው ልጅ ግን ከመላው አካባቢው ተመርጦ የመጣ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን መምህራን የሚኮሩበት ልጅ ነው፤ እሱን በቀይ ማስመር ምን እንደሚጠቅም አስተማሪ ሆኜ ሳለ አይገባኝም። ከዚህም የከፋው ልጄ በጥር ወር ምሳ መብላት ትታ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ተወስዳ ኖሮ፣ እኔ የሰማሁት ከጓደኛዋ እናት መሆኑ ነው። የመኝታ ክፍሎቹን የምትጠብቀው ፕሮክተር ስልኬን ይዛዋለች፤ በየእሑዱ ልጄን የምታገናኘኝ እሷ ናት። አንዲት ቃል አልነገረችኝም። በኋላ ስጠይቃት «ወላጅ እንዳይደነግጥ ብለን ነው» አለችኝ። የ15 ዓመት ልጅን ከእናቷ የተረከበ ሰው እናቲቱን ከድንጋጤ መጠበቅ ሥራው አይደለም።

ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ የክሊኒኩን ነገር አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲታመም ለወላጅ ይደወላል። የደረጃውን ሰሌዳ ግን አላወረዱም፤ ሌሎች ወላጆች እንዲለጠፍ ይፈልጋሉ አሉኝ። ይህ እውነት መሆኑን አውቃለሁ።

በዚያ ዕረፍት አባቴ ቤታችን ነበሩ። አባቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም ወደ ዋሸራ ተሻግረው የቀጠሉ ሰው ናቸው። ልጅቱ ስትተክዝ አይተው ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ስለ ደረጃው ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። በቅኔ ቤት ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ያላት ትንሽ ቅኔ ናት፤ እሷ ስትቃናለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። አንዱ በሦስት ወር የሚያልፈውን ሌላው ዓመት ይቆይበታል፤ የቆየውን ቆየህ ብሎ በዝርዝር የሚያወጣው የለም፤ የሚለካው የቆጠራት ቅኔ ቤቷን መምታቷና ምሥጢር መያዟ ነው። የየኔታው መንገድ ያልተስማማው ተማሪ ደግሞ አኩፋዳውን አንግቶ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳል፤ ከዲማ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ቢዞር ትምህርት ፈላጊ ይባላል እንጂ የወደቀ አይባልም። አባቴ የልጅ ልጃቸውን አስቀምጠው የጠየቋት «ባለፈው ወር የማታውቂው፣ ዛሬ ያወቅሽው ምንድን ነው?» ብለው ነበር። ቆጥራ ስትነግራቸው ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባት።

የቅኔ ቤት ነገር ሁሉ ለዛሬ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ረሃቡን፣ የውሻ ንክሻውን፣ የአለንጋውን ነገር አባቴ ራሳቸው አይደብቁም። ሆኖም አንድ ነገር ከዚያ ወስጃለሁ። ልዩ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መውጣት እንደሚችል፣ ቢወጣም ውርደት እንዳይደለ፣ ከመግባቱ በፊት በቤተሰቡ ዘንድ ሊነገረው ይገባል። እኛ ለልጃችን ይህን የነገርናት ከየካቲቱ በኋላ ነው። «ካልተስማማሽ በመስከረም ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ፤ ማንም ምንም አይልሽም» አልናት። እኔ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። በሩ ክፍት መሆኑን ካወቀች በኋላ ግን ለመቆየት የመረጠችው ራሷ ናት፤ ያቺን የአዊ ልጅ ያገኘችውም ከዚያ ስትመለስ ነው።

አሁን ወላጆች ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁኝ ስለ ፈተና ውጤት ልናገር። «መቶ በመቶ አሳለፈ» የሚለውን ወሬ ስትሰሙ፣ ትምህርት ቤቱ መቶ በመቶ የሚያልፉትን ልጆች መርጦ እንደተቀበለም አስቡ። ልጆቹ ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮስ ስንቱ ያልፉ ነበር የሚለው ነው ትክክለኛው ጥያቄ፤ ይህንንም በሌላ አገር በጥንቃቄ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በኬንያ መንግሥት ለጎበዞች የለያቸው ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች አሉ። አድሪየን ሉካስና አይዛክ ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የመግቢያውን ነጥብ ለጥቂት ያለፉትን ልጆች ለጥቂት ካጡት ጋር አነጻጽረው፣ ወደ ተመረጠው ትምህርት ቤት መግባቱ በመጨረሻው ፈተና ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ እንዳላመጣ አግኝተዋል። በሩማኒያ ደግሞ ክርስቲያን ፖፕ ኤሌቸስና ሚጌል ኡርኪዮላ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ የተሻለ ትምህርት ቤት የገቡት በፈተናው ጥቂት የተሻለ እንዳመጡ ያሳያል፤ ነገር ግን እነዚያው በጠርዝ የገቡት ልጆች በጓደኞቻቸው ዘንድ የመገፋት ስሜት ነበራቸው፤ ወላጆቻቸውም ልጃችን ጥሩ ቦታ ገብቷል ብለው ያግዙ የነበረውን ቀንሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ራሴን አየሁ። 8ኛ ክፍል እያለች በየማታው አብሬያት የምቀመጥ እናት፣ 9ኛ ክፍል ከገባች በኋላ በየእሑዱ የምጠይቃት «በላሽ? በረደሽ?» ብቻ ነበር።

ኬንያ ጎጃም አይደለችም፤ ሩማኒያም አይደለችም። እኛ ጋ የፊዚክስ መምህር መንፈቅ ሙሉ የማይገኝበት፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት ተማሪ የሚከፋፈልበት ትምህርት ቤት ስላለ፣ ልዩነቱ ከዚያ አገር ሊሰፋ ይችላል የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ ውሳኔው መታየት ያለበት ልዩ ትምህርት ቤቱ በአጠቃላይ ጥሩ ነው አይደለም በሚል ሳይሆን፣ ልጃችሁ ካልሄደ የሚማርበት ያ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በማየት ነው። ሄዳችሁ እዩት። የሒሳብና የፊዚክስ መምህር አለው? ቤተ ሙከራው ይከፈታል ወይስ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል? እንዲያውም የእኛ ልዩ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በሁለት ዓመት ውስጥ ለልጄ ክፍል የተከፈተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ወላጅ «ልዩ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስለዋል።

ስለ ቀሪው በአጭሩ። ምግቡ ይበላል፤ ሽሮው ይበዛል፤ ዓርብና ረቡዕ ከቤት የሚላክ በሶና ዳቦ ቆሎ ያስፈልጋል። መኝታ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የውኃው ነገር ግን አስተማማኝ አይደለም። ክፍያ የለም ይባላል እንጂ ለመጓጓዣ፣ ለስንቅ፣ ለሳሙናና ለሞዴስ፣ ለደብተርና ለብርድ ልብስ በአንድ መንፈቅ ከ6,000 ብር ያላነሰ አውጥቻለሁ፤ የጮቄ ንፋስ በሚደርስበት ከተማ ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ የሚመጣ የገጠር ልጅ ይቸገራል፤ ይህንንም ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ለወላጅ ቢነግር መልካም ነበር። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ደግሞ ልጅን ማምጣትም መላክም አይቻልም። አንድ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሙሉ ድምጿን ሳልሰማ ቆይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ በዚያ ጊዜ ልጆቹን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ማስተማሩን ሳያቋርጥ፣ ባለው እህል እያበላ አቆይቷቸዋል። ለዚህ ያለኝን ምስጋና በጽሑፍ መግለጽ አልችልም። ነገር ግን ልጁን የሚልክ ወላጅ እንዲህ ያለ ሰባት ሳምንት ሊመጣ እንደሚችል አውቆ ይላክ።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ካየኋቸው ልጆች ተነሥቼ ስናገር፣ የተስማማቸው ከሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ ይዘው የገቡት አልነበሩም። የተስማማቸው አልገባኝም ለማለት የማያፍሩት፣ ስህተታቸውን ሰው ፊት ሠርተው የሚስቁት፣ ዕቃቸውን የሚጠብቁ፣ ሲርባቸው የሚበሉ፣ ሲያዝኑ ለአንድ ሰው የሚናገሩ ልጆች ናቸው። በተቃራኒው አንደኛ ካልወጣ ደብተሩን የሚቀድ፣ ሲከፋው ዝም የሚል፣ ጥያቄ ሲከብደው ከመጠየቅ ይልቅ የሚሸመድድ ልጅ፣ ችሎታው የፈለገውን ያህል ቢሆን በዚያ ሰሌዳ ፊት ይጎዳል። ልጄ ከመሄዷ በፊት ከነዚህ ከሁለተኞቹ ነበረች። ልትሰበር ምን ያህል ቀርቷት እንደነበር ዛሬ የማውቀው እኔ ነኝ። በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ከ42 ተማሪዎች 19ኛ ወጥታለች፤ ካርዱን ከመኪና ሳትወርድ በመስኮት ሰጠችኝ።

ልጃችሁን ለመላክ የምታስቡ ከሆነ ከመግቢያው ፈተና በፊት አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ጎብኙ፤ በጉብኝት ቀን ሳይሆን በተራ ማክሰኞ። ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን አነጋግሩ፤ ከአንደኞቹ ይልቅ ከመካከለኞቹ ጋር ተቀመጡ። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ትቶ እንደወጣ ጠይቁ፤ ቁጥሩን የማይነግራችሁ ትምህርት ቤት ከሆነ እሱም መልስ ነው። ልጅ ሲታመም ማን እንደሚደውል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደውል አስጽፋችሁ ያዙ። ልጁንም ለብቻው አስቀምጣችሁ «25ኛ ብትወጣ ምን ይሰማሃል?» በሉት፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት።

እኔ ለወንድ ልጄ ይህን ጥያቄ ያቀረብኩለት በነሐሴ፣ ቡሄ ሰሞን ነው። የክልላዊ ፈተና ውጤቱ ከእህቱ ይበልጣል፤ ቢፈተን እንደሚገባ አልጠራጠርም። እሱ ግን ሬዲዮ የሚፈታ፣ የተበላሸ ባትሪ ሰብስቦ አምፖል የሚያበራ፣ አንድ ጥያቄ ከያዘ ሦስት ቀን የማይለቅ ልጅ ነው፤ በደወል ከጥናት ወደ ጥናት የሚሄድበት ቤት ይጠበዋል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ላይ እኛ ሰፈር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሁለት የፊዚክስ መምህራን አግኝቷል፤ አንደኛውን አውቀዋለሁ፣ በክረምት አብረን ተምረናል። ልጁ ጥያቄዬን ሰምቶ ትንሽ አሰበና «25ኛ መውጣቱስ ግድ የለኝም፤ ግን እዚያ ሬዲዮ መፍታት ይፈቀዳል?» አለኝ። ለፕሮክተሯ ደውዬ ጠየቅኩ። አይፈቀድም አለችኝ።

አላስመዘገብነውም። ሁለት መንፈቅ አይተን፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ካልበቃው በ10ኛ ክፍል ለሚገኝ ክፍት ቦታ ይፈተናል። እስከዚያው እህቱ የ9ኛ ክፍል ደብተሮቿን ሁሉ አውርሳዋለች። ትናንት ማታ የሒሳቡን ከፍቶ፣ ያ የጠመኔ መስመር በእርሳስ የተገለበጠበት ገጽ ላይ ደርሶ፣ ከ3 ወደ ግራ በጣቱ እየቆጠረ ነበር።